ውለታ ወይስ ቀብድ?
የግማሽ ደመወዝ ታሪክ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል

ሠርቶ ለሚያድር ሰው የሚከፈለውን ገንዘብ ደመወዝ እንለዋለን፤ ሠርቶ ለደከመው የሚሰጠውን ደግሞ ጡረታ። የሁለቱም ትርጉም ግልጽ ነው። አንደኛው የዛሬ ሥራ ዋጋ ነው፤ ሁለተኛው የትናንት ሥራ ውለታ ነው። ነገር ግን ዛሬ በሥራ ላይ ለሌለ፣ ሥራውንም ፈጽሞ ላልተወ፣ «ነገ እንፈልግህ ይሆናል» ተብሎ በቤቱ ለተቀመጠ ባለሙያ የሚከፈለው ገንዘብ የየትኛው ሥራ ዋጋ ነው? የትናንቱ ነውን? ወይስ ገና ያልመጣው የነገው?

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከሁለት መቶ ዓመታት ለሚበልጥ ጊዜ መርከብ ላልተሰጣቸው መኰንኖቹ «ግማሽ ደመወዝ» የሚባል ክፍያ ሲከፍል ኖሯል። ስሙ ግማሽ ይባል እንጂ መጠኑ በተመን የሚወሰን ስለ ነበር ሁልጊዜ በልክ ግማሽ ነበር ለማለት አይቻልም። ከመጠኑ ይበልጥ አከራካሪ የነበረው ግን ትርጉሙ ነው፤ ከፋዩና ተከፋዩ ስለ አንድ ገንዘብ ሁለት ልዩ ልዩ አሳብ ይዘው በመኖራቸው በመጨረሻ ሁለቱም ተጐዱ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ጉዳት እንዴት እንደ ደረሰና እንዴት እንደ ታረመ ማሳየት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሹመቱ የመርከቡ ነበር

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የዘመኑን የባሕር ኃይል አቋም ማወቅ ያስፈልጋል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አንድ መኰንን ይሾም የነበረው በባሕር ኃይሉ ውስጥ በጠቅላላው ሳይሆን ስሙ በተጠቀሰ በአንድ መርከብ ላይ ነበር። መርከቡ ዘመቻውን ፈጽሞ ወደ ወደብ ሲመለስና ሠራተኞቹ ሒሳባቸውን ተቀብለው ሲበተኑ፣ የመኰንኑም ሹመት አብሮ ያበቃል። ጦርነት ሲያልቅ አብዛኞቹ የጦር መርከቦች ሸራና ገመዳቸው ወርዶ፣ መድፋቸው ተነሥቶ፣ እስከሚቀጥለው ጦርነት ድረስ በየወደቡ ታስረው ይቆያሉ።

እዚህ ላይ እኛ መሐንዲሶች ልብ የምንለው ነገር አለ። አናጢው፣ የመድፍ ኃላፊው፣ የገመድና የሸራ ኃላፊው ከታሰረው መርከብ ጋር ይቀሩ ነበር፤ ደመወዛቸውም አይቋረጥም ነበር። ምክንያቱም ዕቃው ጠባቂ ይፈልጋል፤ እንጨት ይበሰብሳል፣ ብረት ይዝጋል። ካፒቴኑና ሌተናንቶቹ ግን ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። መንግሥት እንጨቱ እንዳይበሰብስ የሚጠነቀቅበትን ዘዴ ሲያበጅ፣ ያን እንጨት በማዕበል መካከል የሚመራው ሰው ዕውቀት እንዳይበሰብስ የሚጠነቀቅበትን ዘዴ ገና አላሰበም ነበር።

እንግሊዝ ከሆላንድ ጋር ያደረገችው ሁለተኛው ጦርነት በ1667 ካበቃ በኋላ፣ በ1668 ያለ ሥራ ለተቀመጡ አድሚራሎች የተወሰነ ክፍያ ተፈቀደ። በ1670ዎቹ፣ ይኸውም ታዋቂው የቀን ማስታወሻ ጸሐፊ ሳሙኤል ፒፕስ የባሕር ኃይሉን የጽሕፈት ሥራ ይመራ በነበረበት ዘመን፣ ፈቃዱ ለትልልቆቹ መርከቦች ካፒቴኖች ተዳረሰ። ክፍለ ዘመኑ ከማለቁ በፊትም ወደ ሌሎቹ መኰንኖች እየሰፋ ሄደ። እንዲህ ሆኖ ለጥቂት አለቆች የተደረገ ችሮታ ቀስ በቀስ ቋሚ ሥርዓት ሆነ።

የ1749 ክርክር

ሥርዓቱ ሲጀመር ለምን እንደሚከፈል ማንም በግልጽ አልደነገገም። መኰንኖቹ ገንዘቡን እንደ ውለታ ቈጠሩት፤ ደማቸውን ላፈሰሱበት፣ ወጣትነታቸውን ለጨረሱበት አገልግሎት የተሰጠ ዋጋ ነው አሉ። መንግሥት በበኩሉ እንደ ቀብድ ይመለከተው ጀመር፤ ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ዕቃውን ለሌላ እንደማይሸጥ ሁሉ፣ ግማሽ ደመወዝ የተቀበለ መኰንንም ሲጠራ መምጣት አለበት የሚል ነው። ተከፋዩ ከመንግሥት ሌላ ገቢ ያለው ሥራ እንደሌለው በመሐላ እንዲያረጋግጥ መደረጉም ከዚሁ አሳብ ጋር የሚስማማ ነበር።

አሳቦቹ ፊት ለፊት የተጋጩት በ1749 ነው። በዚያ ዓመት የባሕር ኃይሉ የሥነ ሥርዓት ሕጎች ተሰብስበው በአንድ ሕግ እንዲጠቃለሉ ረቂቅ ለፓርላማ ሲቀርብ፣ በግማሽ ደመወዝ ላይ ያሉት መኰንኖች ጭምር በጦር ፍርድ ቤት ሥልጣን ሥር እንዲሆኑ የሚያደርግ አንቀጽ ገባበት። መኰንኖቹ ተቆጥተው ተነሡ፤ ለፓርላማ አቤቱታ አቀረቡ። በሰላም ጊዜ በገዛ ቤቱ ተቀምጦ የሚኖር ሰው እንደ ማንኛውም ዜጋ በአገሩ ፍርድ ቤት ሊዳኝ ይገባዋል እንጂ፣ በቀን ጥቂት ሽልንግ ስለ ተቀበለ ዕድሜውን ሙሉ ወታደራዊ ሕግ ሊጫንበት አይገባም የሚል ነበር የአቤቱታው መንፈስ። ክርክሩ ከፓርላማ ወጥቶ በየአደባባዩ በሚሸጡ በራሪ ጽሑፎች ቀጠለ። በመጨረሻም አንቀጹ ወደቀ፤ መኰንኖቹ ረቱ።

ድሉ ግን ዋጋ ነበረው። መንግሥት በተከፋዮቹ ላይ ሥልጣን ከሌለው፣ ሊያሠለጥናቸው፣ ሊፈትናቸውና ብቁ ሆነው መቆየታቸውን ሊመረምር አይችልም። ገንዘቡ መከፈሉን ቀጠለ፤ ለምን እንደሚከፈል ግን ሳይወሰን ቀረ።

ይህ ዓይነቱ አሻሚነት ለእኛ አገርም እንግዳ አይደለም። ከ1975 የገጠር መሬት አዋጅ በፊት «ማደሪያ» ይባል የነበረው መሬት ለመንግሥት ሹማምንት፣ ለወታደሮችና ለአርበኞች አንዳንድ ጊዜ በደመወዝ ምትክ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በጡረታ ምትክ ይሰጥ ነበር። ቃሉ ራሱ የሚናገረው ሰውየው በምን እንደሚያድር ነው እንጂ ስለ የትኛው ሥራው እንደሚያድር አይደለም። ሁለቱ ሥርዓቶች አንድ ናቸው ማለት አይደለም፤ ሁለቱም ግን ያለፈውንና የሚመጣውን አገልግሎት በአንድ ከረጢት ከተቱ።

የማይንቀሳቀስ ሰልፍ

የግማሽ ደመወዝን ችግር ያባባሰው የማዕረግ ዕድገት ሥርዓቱ ነው። አንድ መኰንን ሙሉ ካፒቴን ከሆነበት ቀን ጀምሮ በስም ዝርዝሩ ላይ ያለው ተራ አይናወጥም። ከርሱ በላይ ያሉት ሲሞቱ ወይም ከፍ ሲሉ እርሱም አንድ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ አድሚራልነት የሚያደርሰው ችሎታ ወይም ጀግንነት ሳይሆን ተራ ነው፤ ተራውም በባሕር ላይ ለዋለውና በቤቱ ለተቀመጠው እኩል ይቈጠራል። በ1747 ለአዛዥነት የማይፈለጉትን አረጋውያን ካፒቴኖች በአድሚራል ማዕረግ ስም ብቻ የሚያሰናብት ዘዴ ተፈጠረ። የባሕር ኃይሉ ክፍሎች ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ባንዲራ ነበሯቸውና፣ መርከብ የሌላቸውን እነዚህን አድሚራሎች ሰው «ቢጫ አድሚራሎች» እያለ ቀለደባቸው። ዘዴው ሰልፉን በመጠኑ አቃለለው እንጂ አልፈታውም።

በዚህ ሰልፍ ውስጥ ከቆሙት መካከል ሆራሽዮ ኔልሰን አንዱ ነበር። ኔልሰን በ1779 በ20 ዓመቱ ሙሉ ካፒቴን ሆነ። በ1787 መጨረሻ ከመርከቡ ከወረደ በኋላ ግን ከአምስት ዓመታት በላይ ኖርፎክ በተባለው አውራጃ፣ አባቱ ካህን ሆነው በሚያገለግሉበት በበርናም ቶርፕ መንደር ያለ ሥራ ተቀመጠ። መርከብ እንዲሰጠው በተደጋጋሚ ቢጠይቅም አልተሳካለትም። በጥር 1793 ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ሊነሣ ሲል ብቻ «አጋሜምኖን» የተባለችው ባለ 64 መድፍ መርከብ ተሰጠችው። የኔልሰንን ታሪክ የሚጠቅሱ ሰዎች ግማሽ ደመወዝ ለእንግሊዝ ታላቁን አዛዥ ጠብቆ አቆየላት ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ኔልሰን ሲጠራ ገና 34 ዓመቱ እንደ ነበረና የተቀመጠውም አምስት ዓመት ብቻ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። ሥርዓቱ የተፈተነው ሠላሳ ዓመት በተቀመጡት ላይ ነው።

ከ1815 በኋላ

በ1815 የናፖሌዎን ጦርነቶች ሲያበቁ በታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ቅነሳ ሆነ። በጦርነቱ መጨረሻ ዓመታት ከ140,000 በላይ የነበረው የባሕረኛና የባሕር ወታደር ቍጥር በ1817 ወደ 20,000 ገደማ ወረደ። መርከቦቹ ታሰሩ፤ ከመኰንኖቹ መካከል ከአሥር ዘጠኙ ያህል ያለ ሥራ ቀሩ።

ተራው ባሕረኛ በዚህ ጊዜ ምንም አላገኘም። በጦርነት ጊዜ ብዙው ከየወደቡና ከየንግድ መርከቡ በግድ እየተያዘ ተወስዶ ነበር፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ሒሳቡን ይዞ ተሰናበተ። ሥራ አጥተው በየመንገዱ የሚንከራተቱት የቀድሞ ወታደሮችና ባሕረኞች ቍጥር መብዛቱ በ1824 ለወጣው የተንከራታቾች ቅጣት ሕግ አንዱ ምክንያት እንደ ነበረ ይታወቃል። መንግሥት መኰንኑን በገንዘብ ሲይዝ ባሕረኛውን በጕልበት ይይዝ ነበር ማለት ነው። አንድ መርከብ ያለ ካፒቴን እንደማይሄድ ሁሉ ያለ ባሕረኛ እንደማይሄድ እየታወቀ፣ የነገውን አገልግሎት በገንዘብ የመግዛት አሳብ ከመኰንኖች ማዕድ አልወረደም።

የመኰንኖቹም ኑሮ ቢሆን የተደላደለ አልነበረም። በ1814 ተመን ከሌተናንቶች መካከል በመጨረሻው ደረጃ ያሉት በቀን 5 ሽልንግ ያገኙ ነበር፤ በዓመት ሲታሰብ 91 ፓውንድ ያህል ይሆናል። ገንዘቡ ከረኃብ ያወጣል፤ ነገር ግን ማዕረጉ የሚጠይቀውን አለባበስ፣ መኖሪያና የልጆች ትምህርት አይሸፍንም። ከሁሉ የከፋው ግን መጠበቁ ነው። ነገ ይጠሩኝ ይሆናል የሚል ሰው አዲስ ሙያ ለመያዝ ልቡ አይቈርጥም፤ ላይጠራ እንደሚችል ስለሚያውቅ ደግሞ በድሮ ሙያው አይጽናናም።

የመጠበቁን ርዝመት ለማሳየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። የደራሲዋ የጄን ኦስተን ወንድም ፍራንሲስ ኦስተን በ1800 ሙሉ ካፒቴን የሆነ፣ በጦርነቱ ዘመን በሚገባ ያገለገለ መኰንን ነበር። በ1814 ከመርከቡ ወረደ። ከዚያ በኋላ በባሕር ላይ ሳያዝ ተራው እየደረሰ በ1830 አድሚራል ሆነ። ወደ ባሕር የተጠራው በ1844 ነው፤ በ70 ዓመቱ የሰሜን አሜሪካና የካሪቢያን ደሴቶች ባሕር ኃይል ክፍል አዛዥ ሆኖ ተሾመ። በ1863 የመጨረሻውን ከፍተኛ ማዕረግ አገኘ፤ በ1865 በ91 ዓመቱ ዐረፈ። ሰውየው ታታሪና ጠንቃቃ እንደ ነበረ ይነገርለታል፤ ስለዚህ ጥፋቱ የርሱ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ያላሠራችውን ሰው በሰባ ዓመቱ የጠራችው አገር ግን በቀብዷ ምን እንደ ገዛች ልትጠየቅ ይገባል።

በእነዚህ ሠላሳ ዓመታት ባሕሩ ሳይለወጥ መርከቡ ተለወጠ። የእንፋሎት ኃይል ገባ፤ በመጀመሪያ በጎን መዘውር፣ ቀጥሎም በውኃ ውስጥ በሚሽከረከር መቅዘፊያ። በ1852 ወደ ውኃ የወረደችው አዲሲቱ «አጋሜምኖን» ከመሠረቷ ጀምሮ በእንፋሎትና በመቅዘፊያ እንድትሄድ የታቀደች የመጀመሪያይቱ የእንግሊዝ ትልቅ የጦር መርከብ ነበረች። ስሟ ከኔልሰን መርከብ ጋር አንድ ቢሆንም በሆዷ ውስጥ ያለውን ሞተር ከ1815 በኋላ በየብስ የቀረ መኰንን በዓይኑ አላየውም። በ1854 የክራይሚያ ጦርነት ሲነሣ ወደ ባልቲክ ባሕር የተላከውን ኃይል የመራው ቻርልስ ኔፒየርም፣ በጥቁር ባሕር ያለውን ያዘዘው ጄምስ ዳንዳስም 68 ዓመታቸው ነበር። መርከቦቹ አዳዲስ፣ የስም ዝርዝሩ ግን አሮጌ ነበር፤ የሠለጠኑ ባሕረኞችም እንደ ልብ አልተገኙም።

ሳይጠብቁ የሠሩ

የተቀመጡት መኰንኖች ሁሉ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ ማለት ግን አይደለም። ለሙያችን ታሪክ ቅርብ የሆኑትን ሦስቱን ብቻ ላንሣ።

ፍራንሲስ ቦፈርት በ1800 በውጊያ ክፉኛ ቈስሎ መርከብ ሳያገኝ በየብስ በቆየበት ጊዜ፣ ከ1803 እስከ 1804 በአየርላንድ ከደብሊን እስከ ጎልዌይ በየኰረብታው ላይ በሚታዩ ምልክቶች መልእክት የሚያስተላልፍ የቴሌግራፍ መስመር ሲዘረጋ አብሮ ሠራ። በኋላ የነፋስን ኃይል የሚለካውን፣ እስከ ዛሬም በስሙ የሚጠራውን ሚዛን ያበጀው ይኸው ሰው ነው፤ ከ1829 እስከ 1855 የባሕር ካርታዎች ሥራ ኃላፊ ሆኖ አገልግሏል።

ሳሙኤል ብራውን የመርከብ መልሕቅ ከገመድ ይልቅ በብረት ሰንሰለት እንዲያዝ ከ1808 ጀምሮ ሙከራ ያደረገ መኰንን ነበር። በ1812 ባሕሩን ትቶ ከዘመዱ ጋር የሰንሰለት ፋብሪካ አቋቋመ፤ የሰንሰለትን ጥንካሬ የሚፈትን መሣሪያም አሠራ። ለመርከብ ያሰበውን ብረት ወደ ድልድይ አዛወረው፤ ጫፋቸው የተበሳ ረዣዥም የብረት ዘንጎችን እያያያዘ በ1820 በትዊድ ወንዝ ላይ «ዩኒየን» የተባለውን ተንጠልጣይ ድልድይ ሠራ። ርዝመቱ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ 137 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በተከፈተበት ጊዜ በዓለም ላይ ከነበሩት የብረት ተንጠልጣይ ድልድዮች ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ሙሉ ዕድሳት ተደርጎለት በ2023 እንደገና ተከፍቷል። የባሕር ኃይሉ ደግሞ ብራውንን በ1842 የጡረታ ካፒቴንነት ማዕረግ ሰጠው፤ ድልድዩ ከተሠራ ከ22 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ክሪስቶፈር ክላክስተን ነው። በብሪስቶል ወደብ ይሠራ የነበረው ይህ የግማሽ ደመወዝ መኰንን የታላቁ መሐንዲስ የብሩኔል የቅርብ ተባባሪ ሆኖ፣ በ1838 አትላንቲክን የተሻገረችውን «ግሬት ዌስተርን»ና በ1843 ወደ ውኃ የወረደችውን «ግሬት ብሪተን» የተባሉትን የእንፋሎት መርከቦች ያሠራውን ኩባንያ መራ። «ግሬት ብሪተን» በመስከረም 1846 በአየርላንድ ዳርቻ አሸዋ ላይ ስትቀመጥ፣ ብሩኔል የክረምቱን ማዕበል የሚመክት የእንጨት እስር ክምር በመርከቧ ዙሪያ እንዲደረግ አሳብ አቀረበ፤ ክላክስተንም በቦታው ሆኖ አስፈጸመ። መርከቧ በነሐሴ 1847 ከአሸዋው ተላቀቀች። ዛሬ በብሪስቶል ቆማ ትታያለች።

እነዚህን ሰዎች አይቶ ግማሽ ደመወዝ ለሳይንስና ለምሕንድስና የተሰጠ ድጎማ ነበር ለማለት የሚደፍር ይኖራል። እኔ ግን አልስማማም። ሥርዓቱ እንዲህ ያለ ሥራ አልጠየቀም፤ አልመራም፤ አልመዘነም። ሦስቱ የተሳካላቸው መጠበቁን በመተዋቸው ነው። ምን ያህሎቹ ሳይተዉት እንደ ቀሩ ግን የሚናገር ድልድይ የለም።

ቀብዱ ትርጉም ሲያገኝ

እርማቱ ቀስ ብሎ በሦስት መንገድ መጣ። በ1853 ባሕረኛው በአንድ መርከብ ሳይሆን በባሕር ኃይሉ ውስጥ ለተወሰኑ ዓመታት በቋሚነት የሚቀጠርበት ሥርዓት ተደነገገ። በ1859 የንግድ መርከብ ባሕረኞች በየዓመቱ ጥቂት ሳምንት ልምምድ እያደረጉ ክፍያ የሚቀበሉበት፣ ጦርነት ሲነሣም የሚጠሩበት ተጠባባቂ ኃይል ተቋቋመ። እዚህ ላይ ክፍያው ቀብድ መሆኑ ያለ ጥርጥር ተጻፈ፤ ሰጪውም ተቀባዩም ግዴታውን ያውቃል። በ1870 ደግሞ የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር ሂዩ ቺልደርስ ዕድሜው ከተወሰነው ያለፈ ወይም ለረጅም ዓመታት ሥራ ሳይሰጠው የቆየ መኰንን በግዴታ ጡረታ እንዲወጣ አደረገ። ውለታው በጡረታ ስም፣ ቀብዱ በቀብድ ስም ተለያዩ። ግማሽ ደመወዝ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ቢዘልቅም ከሁለት ሹመቶች መካከል የሚከፈል የአጭር ጊዜ ክፍያ ወደ መሆን አዘነበለ።

በሙያችን ተጠባባቂ ፓምፕ ወይም ተጠባባቂ ጄኔሬተር ስናቅድ ሦስት ነገር እንጽፋለን፦ በምን ጊዜ እንደሚነሣ፣ በየስንት ጊዜው ተነሥቶ እንደሚሞከር፣ በስንት ዓመት እንደሚተካ። ከሦስቱ አንዱ ከጐደለ ማሽኑ ቤቱን የሞላ ብረት ነው፤ መብራት በጠፋ ሌሊት አይነሣም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለሰዎቹ ከሦስቱ አንዱንም ሳይጽፍ ክፍያ ብቻ ስለ ጻፈ ዝርዝር ገዛ እንጂ ዝግጁነት አልገዛም። ሰው ግን ከማሽን የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ማሽን ሳይነሣ ቢያረጅ አያዝንም።

አንድ የግንባታ ሥራ አልቆ ሌላው እስኪጀመር የሠለጠኑ ባለሙያዎች ተጠባባቂ ሆነው የሚቀመጡበት ጊዜ በማናቸውም አገርና መሥሪያ ቤት ያጋጥማል። ለተቀመጠ ባለሙያ መክፈል ብክነት ነው የሚል አስተዳዳሪ የባሕረኛውን ዕጣ ያስታውስ፤ ሳይከፈለው የተበተነ ሰው ሲፈለግ በፈቃዱ አይገኝም። መክፈል ብቻ ይበቃል የሚል ደግሞ የፍራንሲስ ኦስተንን ሠላሳ ዓመታት ይቍጠር። ተቀባዩም ቢሆን የመጠየቅ መብትና ግዴታ አለበት፦ ይህ የምቀበለው ገንዘብ ውለታ ነው ወይስ ቀብድ? ውለታ ከሆነ ነጻ ነኝና ወደ ሌላ ሥራ ልሂድ። ቀብድ ከሆነ ደግሞ አሠልጥኑኝ፣ ፈትኑኝ፣ የምጠራበትንም ቀን ንገሩኝ።